አበባ ለአልጀርኖን

ብዙ ልብ ወለድ ታሪክ በተነበበበት ቀን ደስ አሰኝቶ በማግሥቱ ይረሳል፤ ጥቂቱ ግን መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላም ከአንባቢው ልብ አይወጣም። አሜሪካዊው ደራሲ ዳንኤል ኪዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. በመጽሔት ያወጣው፥ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ አስፍቶ መጽሐፍ ያደረገው «አበባ ለአልጀርኖን» ከጥቂቶቹ አንዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አእምሮው ደካማ ልቡ ግን ቅን የሆነ ቻርሊ ጎርደን የሚባል ሠራተኛ መማርን እጅግ ይመኝ ነበር። ሐኪሞችም አስቀድመው አልጀርኖን በተባለ አይጥ ላይ የሞከሩትን ቀዶ ሕክምና አደረጉለት፤ ዕውቀቱም ሐኪሞቹን እስኪያልፍ ድረስ ከፍ አለ። ኋላ ግን አይጡ መድከም ጀመረ። ቻርሊም ነገሩን መርምሮ የእርሱም ዕውቀት እንዲሁ እንደሚጠፋ ራሱ አረጋገጠ።

ታሪኩ ሁሉ ቻርሊ በየጊዜው የጻፈው ማስታወሻ ነው። መጀመሪያ ፊደሉ የተገደፈ ነው፤ ቀጥሎ ይቀናል፥ ይራቀቃል፤ በመጨረሻም ግድፈቱ ይመለሳል። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ቢነሣ ከባዱ ሥራ ይህ ይሆንበታል። ሃሌታውን ሀ በሐመሩ ሐ መለወጥ አይበቃውም፥ ይህንስ የተማረውም ያደርገዋልና፤ ካዕቡን ከሣልሱ፥ ግእዙን ከሳድሱ ማደባለቅ ይኖርበታል።

ይህ ሐዘን አንባቢን ለማስለቀስ ሆን ተብሎ የተሰናዳ ነው የሚል ነቃፊ ሊኖር ይችላል። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። በታሪኩ መካከል በአንድ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ የሆነ ልጅ ሳሕን ጥሎ ይሰብራል። ልጁ አእምሮው ደካማ ነበርና ተመጋቢዎቹ ይሥቁበታል፤ ቻርሊም አብሮ ይሥቃል። ወዲያው ግን ትናንት እርሱ ራሱ እንዲህ ይሣቅበት እንደ ነበረ ትዝ ብሎት በሣቂዎቹ ላይ ይጮኻል። አንባቢም በዚህ ቦታ ይያዛል፤ በመጀመሪያው ገጽ በቻርሊ ግድፈት ፈገግ ብሎ ነበርና። ያው ግድፈት በመጨረሻው ገጽ ሲመለስ ግን መሣቅ አይቻለውም።

አንድ የመጽሔት አዘጋጅ ፍጻሜው ወደ ደስታ እንዲለወጥ ቢጠይቀው ኪዝ እንቢ አለ፤ መልካምም አደረገ። ቻርሊ ዐዋቂ እንደ ሆነ ቢቀር ኖሮ ዐዋቂውን አክብረን ደካማውን እንረሳው ነበር። አሁን ግን ቻርሊ የተማረውን ሁሉ አጥቶ ለአይጡ መቃብር አበባ እንዲደረግለት ብቻ ይለምናል። እርሱ የረሳውን የሚያስታውስለት አንባቢው ብቻ ነው። እንግዲህ ይህን ያነበበ ሰው ፊደል በተሳሳተበት ሰው ላይ ለመሣቅ አፉን ሲከፍት ቻርሊ ትዝ ሳይለው አይቀርም።