ፍቺ በመድረካችን ላይ

በተውኔቶቻችን ባልና ሚስት ሲፋቱ ዛሬም ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛ ይፈለጋል፤ ሚስት ታለቅሳለች። (እኔም እንዲሁ ጽፌያለሁ።) ትዕይንቱ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቅሪት ነው፤ በዚያ ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የፍቺው ምክንያት የተባለ ወገንም ከጋራ ሀብቱ ሊቀነስበት ይችል ነበር። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና የአማራ ክልል የ1995ቱ ሕግ ውሳኔውን ለፍርድ ቤት ሰጡ፤ የጋራ ሀብትም በመርሕ እኩል እንዲከፈል ደነገጉ።

እንግዲህ ግጭቱ ከእንባው ወደ ቆጠራው ተሸጋግሯል። ፍየል የኑሮ መሠረት በሆነባት አበርገሌ፣ ሚስት ይዛት የመጣች እናት ፍየል የግሏ ናት። የግል ሀብት ያስገኘው ገቢ ግን የጋራ ነውና ግልገሎቹ ይከፈላሉን? በድርቅ ዓመት የተሸጡትስ በማን ሒሳብ ይያዛሉ? በበረቱ ደጃፍ ቆማ የምትቆጥር ሴት በመድረካችን ገና አላየሁም።