የቬራ ሆል ድምፅና የሞቢ ከበሮ

ይህን አልበም ከመስማታችሁ በፊት አንዲት ሴት ላስተዋውቃችሁ። ስሟ ቬራ ሆል ነው። በ1902 ገደማ በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ ግዛት፣ ሊቪንግስተን በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ተወለደች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኑሮዋን የገፋችው በሰው ቤት ምግብ በማብሰልና ልብስ በማጠብ ነበር። የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢው አለን ሎማክስ በ1959 መቅጃውን ይዞ የደቡብ ግዛቶችን ሲያዳርስ እርሷም ዘንድ ደረሰ። እርሷም ያለ ምንም መሣሪያ፣ በባዶ ድምፅ፣ አንድ አሮጌ መዝሙር ዘመረችለት። መዝሙሩ መከራዋ እጅግ ከባድ እንደ ሆነ፣ ይህንንም ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ይናገራል። በ1964 ሞተች። ከሞተች ከ35 ዓመት በኋላ ያ ድምፅ በየአገሩ በዳንስ አዳራሾች ይሰማ ጀመር።

ያሰማው ሞቢ የተባለ ሙዚቀኛ ነው። እውነተኛ ስሙ ሪቻርድ ሜልቪል ሆል ነው፤ የሁለቱ ስም ሆል ላይ መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው። ሞቢ በኒው ዮርክ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ሠሪ ነበር። በ1993 ፍጥነቱ በደቂቃ ከ1000 ምት በላይ የሚደርስ ትራክ ሠርቶ በጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ ሰፍሯል፤ ማን እንደ ጨፈረበት አትጠይቁኝ። በ1996 ወደ ጩኸታም የጊታር ሙዚቃ ዞረ፤ አድማጮቹም ሸሹት። ከዚያ ነው ማንሃተን በሚገኘው ቤቱ ተቀምጦ፣ ከሎማክስ ቅጂዎች በተሰበሰቡ ሲዲዎች ላይ ያገኛቸውን ድምፆች እየቆረጠ፣ በ1999 «ፕሌይ» የተባለውን ባለ 18 ትራክ አልበም ያወጣው። መጀመሪያ ላይ እምብዛም አልተሸጠም ነበር፤ በኋላ ግን ሽያጩ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ አለፈ።

ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ የወጣ አልበም ስለሆነ ለእናንተ አዲስ ነው። ርዕሱን ባታውቁትም አንዳንዱ ዜማ በፊልም ውስጥ ጆሯችሁ ሳይገባ አልቀረም።

«የዓለም ሙዚቃ መስማት ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ በየወጣት ስብሰባው እንደሚነሣ አውቃለሁ። ዛሬ ግን አላነሣውም፤ ጥያቄው ስለማያስፈልግ ሳይሆን ይህ አልበም ከእርሱ የጠበቀ ጥያቄ ይዞ ስለሚመጣ ነው። ወደ እግዚአብሔር የተጮኸ ጩኸት ከባለቤቱ ተቆርጦ ከበሮ ላይ ሲደጋገም አሁንም ጩኸት ነው? ወይስ ጌጥ ይሆናል? ይህን እየያዛችሁ አዳምጡት።

አልበሙ የሚከፈተው «ሃኒ» በተባለው ትራክ ነው። ድምፁ የቤሲ ጆንስ ነው፤ በጆርጂያ ግዛት የባሕር ደሴቶች የኖረች ታላቅ ሴት ናት። የዘፈነችው መዝሙር አይደለም፤ በጭብጨባ የሚታጀብ የጨዋታ ዘፈን ነው። ሞቢ ጥቂት ቃላቷን ቆርጦ ያሽከረክራቸዋል። ምንም አልተጎዳም፤ ጨዋታ ነበር፣ ጨዋታ ሆኖ ቀረ። እዚህ ላይ የማነሣው ስለ እነዚያ ደሴቶች ሰዎች አንድ ነገር ነው። የባርነት ዘመን ልጆች የሆኑት እነዚህ ክርስቲያኖች በክብ እየዞሩ፣ እያጨበጨቡና መሬቱን በእግራቸው እየመቱ ያመልኩ ነበር። ሥርዓቱ ግን ጥብቅ ነው፤ እግር ከእግር ጋር መጠላለፍ የለበትም። ከተጠላለፈ ጭፈራ ሆነ ማለት ነው። እኛስ «ይህ ማሸብሸብ ነው፣ ይህ ግን ጭፈራ ነው» እያልን ስንት ስብሰባ አምሽተናል? በሌላ አህጉር፣ በሌላ ዘመን ያሉ አማኞች መስመሩን ቁርጭምጭሚት ላይ እንዳሰመሩት ሳውቅ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። ክብርም አደረብኝ። ሰውነታቸውን ከአምልኮ ውጭ አላስቀሩትም፤ ግን ደግሞ ልቅ አልተዉትም።

አራተኛው ትራክ ርዕሱ «ልቤ ለምን ይህን ያህል ከፋው?» እንደ ማለት ነው። ከአሮጌ የጥቁር አሜሪካውያን የወንጌል መዝሙር ቅጂ የተወሰደ አንድ የወንድ ድምፅ ይህንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ከሥሩ ፒያኖ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ያምራል፤ ምናልባት ከአልበሙ ሁሉ የበለጠ የሚያምረው እርሱ ነው። የምጠረጥረውም ለዚሁ ነው። መዝሙር 42ንና 43ን አስታውሱ። መዝሙረኛው ነፍሱን ለምን እንደምታዝን ይጠይቃታል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ፣ በተመሳሳይ ቃል። ድግግሞሽ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መዝሙር 136ን የተመለከተ ሰው 26 ቁጥሮች በአንድ አዝማች ሲዘጉ ያገኛል። ነገር ግን በመዝሙር 42 ጥያቄው በተነሣ ቁጥር መልሱ አብሮት ይመጣል፤ ነፍስ በእግዚአብሔር ተስፋ እንድታደርግ ትታዘዛለች። በሞቢ ትራክ ጥያቄው ብቻውን ይሽከረከራል። ከመካከል ስለ ተከፈቱ በሮች የሚናገር ሌላ ድምፅ ይገባል፤ ዜማውም ብርሃን ያየ ያህል ከፍ ይላል። በሮቹ ወዴት እንደሚያስገቡ ግን አይነገርም። ሐዘኑ እንደ ሞቀ ውሃ ነው፤ ሰው ገብቶ ይተኛበታል፣ አይወጣበትም። ብቻችሁን ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ አሥር ጊዜ ብትሰሙት አሥረኛው ላይም ያው ቦታ ናችሁ።

«ናቹራል ብሉዝ» ስምንተኛው ነው፤ ቬራ ሆልን የምናገኛት እዚህ ነው። እዚህ ሞቢ ያደረገው የተለየ ነው። ድምፅዋን ወደ ሁለትና ሦስት ቃል አልበጣጠሰውም፤ ዓረፍተ ነገሯን እንዳለ ተወላት። አዝማቹ አለ፤ ስንኞቹም አሉ፤ አንዱ ስንኝ ነፍሷ ተደስታ የዋለችበትን ቀን ያወሳል፣ ሌላው አልጋ ላይ የተገኘ ሬሳ። ደስታና ሞት እንዲህ ጎን ለጎን፣ ያለ ማብራሪያ መቆማቸው የእነዚያ አሮጌ መዝሙሮች ጠባይ ነው። ሞቢ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ይችል ነበር፤ አልጣለም። ለዚህም ይመስለኛል ከበሮው ገብቶ ሁሉ ነገር ሲፈጥን እንኳ ድምፅዋ ከላይ የሚቀረው። ሌላው ይሽከረከራል፣ እርሷ ግን ትናገራለች።

ሆኖም ሁለት ነገር ይከነክነኛል። አንደኛው ከድምፅዋ ሥር የተዘረጋው ኪቦርድ ነው። በባዶ ድምፅ የተዘመረ መዝሙር «አልቅሱ» ወይም «ደስ ይበላችሁ» ብሎ አያዝዛችሁም፤ ቃሉንና ዜማውን ይሰጣችሁና ዝም ይላል። ኪቦርዱ ግን ወስኖላችኋል፤ የሚያሳዝን ነው፣ እዘኑ ይላችኋል። ሁለተኛው ርዕሱ ነው። ቬራ ሆል ብሉዝም ትዘፍን ነበር፤ የተቀዱላትም አሉ። ይህ ግን ብሉዝ አይደለም፤ መዝሙር ነው። ብሉዝ መከራውን ለሚሰማው ሰው ይነግራል። እርሷ ግን መከራዋን የሚያውቅ አንድ ብቻ እንዳለ ትናገራለች። መዝሙርን ከዘፈን መለየት ለለመደ ጆሮ፣ ለእናንተ ጆሮ ማለት ነው፣ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። «ማንም አያውቅም» እና «ከእግዚአብሔር በቀር ማንም አያውቅም» በሁለት ቃል ብቻ ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን የተስፋ መቁረጥና የጸሎት ርቀት ነው።

ከዚያ «ራን ኦን» ይመጣል፤ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። መነሻው ቢል ላንድፎርድና ላንድፎርዴርስ የተባሉት የመዝሙር ቡድን የቀዱት ቅጂ ነው፤ መዝሙሩንም ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1967 በመዝሙር አልበሙ፣ ጆኒ ካሽም በመጨረሻ ዘመኑ ዘምረውታል። ሐሳቡ ያለ ይሉኝታ ነው። ኃጢአተኛ የፈለገውን ያህል ይሩጥ፣ ከእግዚአብሔር ፍርድ አያመልጥም። ሞቢ ፒያኖና ከበሮ ጨመረበት፤ ግን የጨመረው ለነበረው ነው። የእነዚያ ቡድኖች አዘማመር ራሱ ከበሮ ነበር፤ ወፍራሙ ድምፅ ከሥር እየረገጠ ይሄዳል፣ ሌሎቹ በላዩ ይመላለሳሉ። ስለዚህ እዚህ ምንም የተሰበረ ነገር አይሰማም። ምቱ ከስቱዲዮ ሳይሆን ከመዝሙሩ ሆድ የወጣ ነው። «ፈጣን ምት ሁሉ ከዓለም የተቀዳ ነው» ለሚል ወንድም ይህን የድሮ ቅጂ ማሰማት ብቻ ይበቃል። አስቡት ደግሞ፣ ዳንስ ለመዝናናት የመጣ ሕዝብ ስለ ፍርድ የሚናገር ስብከት ሳያውቅ ሰምቶ ሲሄድ! ዮናስ ወደ ተርሴስ በሸሸበት መርከብ ላይ ይህ ትራክ ቢከፈት ኖሮ የሚስማማ ይመስለኛል።

የቀረውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። «ፖርስሊን» በሞቢ በራሱ የደከመ ድምፅ የተዘፈነ ነው፤ ድካሙ ያምርበታል። «ቦዲሮክ» ጫጫታ ነው። ከ«ራን ኦን» በኋላ የሚመጡት፣ አብዛኞቹ ቃል የሌላቸው ትራኮች፣ ሥራ እየሠሩ ቢሰሟቸው አይረብሹም፣ ባይሰሟቸውም አይናፍቁም። 18 ትራክ ብዙ ነው፤ 12 ቢሆን ይሻል ነበር።

ስለ አልበሙ ሲነገር የማይቀር አንድ ነገር አለ። 18ቱም ትራኮች ለፊልም፣ ለቴሌቪዥን ወይም ለማስታወቂያ ተፈቅደዋል። ሞቢን ብዙ ሰው ተችቶታል። ሰውየው ራሱ ስለ እምነት የሚጽፍ፣ የክርስቶስን ትምህርት እንደሚወድ የሚናገር፣ ቤተ ክርስቲያንን ግን አጥብቆ የሚወቅስ ሰው ስለሆነ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል። እኔ ገንዘቡ ላይ አልቆምም። የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፦ የማስታወቂያ ሠሪ ከእነዚህ ድምፆች የፈለገው ምንድን ነው? ቃሉን አይደለም። የፈለገው «ጥልቅ ነገር» የሚል ስሜት ነው፤ ከመከራ የመጣ፣ ከእምነት የመጣ፣ ግን መከራውንም እምነቱንም የማይጠይቅ ስሜት።

ይህን ወደ ቤታችን አምጡት። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል። አንድ የተካነ አቀናባሪ ነገ ከአሮጌ ካሴቱ ላይ አራት ቃል ቆርጦ፣ ዳንስ ምት ሥር አድርጎ ቢለቀው ምን ይሰማችኋል? «ወንጌል ተሰማ» ትላላችሁ ወይስ «የሰውየው እስር የት ሄደ?» መልሱ ቀላል አይመስለኝም። የተቆረጠው አራት ቃል የትኛው እንደ ሆነ ሳላይ እኔም አልመልስም።

ከዚህም የቀረበ አለ። እሑድ በአምልኮ መካከል ከበሮው ድንገት ይቆማል፤ ኪቦርዱ ብቻውን ይቀራል፤ አንዲት ሐረግ ስምንት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ ትደጋገማለች፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ከበሮው ተመልሶ ሲወርድ የአዳራሹ እጅ ሁሉ ይነሣል። ዲጄዎች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል፤ ሥራቸው ነው። የምለው ዘዴው ርኩስ ነው አይደለም። እጃችሁን ያነሣው ከበሮው ይሁን ቃሉ ለማወቅ ግን አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ ቤት ገብታችሁ ያቺን ሐረግ ያለ ኪቦርድ፣ ቀስ ብላችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሏት። በወጣት ቡድናችን ይህን ሞክረናል። አንዳንዷ ሐረግ ያለ መሣሪያ ይበልጥ ከበደች። አንዳንዷ ግን ባዶዋን ስትቀር ምን ለማለት እንደ ነበር ከመካከላችን የሚናገር ጠፋ።

ለስብሰባችሁ አልበሙን ልታሰሙ ካሰባችሁ በሞቢ አትጀምሩ። መጀመሪያ የ1959ኙን የቬራ ሆልን ቅጂ ፈልጋችሁ አሰሙ፤ መብራቱን ማጥፋት አያስፈልግም፣ ዝም ማለት ይበቃል። ብቻዋን ናት። የምትጠብቁት ከበሮ አይመጣም፤ በስንኝና በስንኝ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የሚሞላ ነገር የለም። ከዚያ «ናቹራል ብሉዝ»ን አስከትሉና ምን እንደ ተጨመረላት፣ ምን እንደ ተሸፈነባት ተከራከሩ። እኔ በበኩሌ ኪቦርዱ ይቅር ባይ ነኝ። ከበሮው ግን ይቆይ።