የፕሮሰሰር ፍጥነት በጊጋኸርዝ ብቻ ሊለካ ይገባዋልን?

ስለ ኮምፒዩተር በሚሰጠው የመግቢያ ትምህርት «የፕሮሰሰር ፍጥነት በጊጋኸርዝ ይለካል፤ ቁጥሩ በበለጠ መጠን መሣሪያው ይፈጥናል» የሚል ዐረፍተ ነገር ተደጋግሞ ይገኛል። ተማሪው ይህንኑ ለፈተና ያጠናዋል፤ የግዢ ዕቅድ አዘጋጁም ለትምህርት ቤቶች ላፕቶፕ ሲመርጥ በዚሁ ሚዛን ይመዝናል። ዐረፍተ ነገሩ ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው።

ጊጋኸርዝ የሚያመለክተው የፕሮሰሰሩ የሰዓት ምት በአንድ ሴኮንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ ነው። በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚከናወን አይናገርም። አንዱ በጣሳ እየተቻኮለ፣ ሌላው በቁና ረጋ ብሎ እህል ቢሰፍሩ፣ ጎተራውን ቀድሞ የሚሞላውን የእጅ ቅልጥፍና ብቻ አይወስነውም።

ለዚህ የኢንቴል ኩባንያ ታሪክ በቂ ማስረጃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ለላፕቶፕ የወጣው ፔንቲየም ኤም 1.6 ጊጋኸርዝ ሲኖረው፣ በዚያው ዓመት ይሸጥ የነበረው የላፕቶፕ ፔንቲየም 4 ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝ ነበረው። ይሁን እንጂ በብዙ የቢሮ ሥራ ፔንቲየም ኤም አልተበለጠም፤ እንዲያውም በልጦ ታይቷል። የፔንቲየም 4 የትእዛዝ ማስፈጸሚያ መስመር በ20 ደረጃዎች የተከፋፈለ ነበር። ይህም የምቱን ቁጥር ከፍ ለማድረግ ቢጠቅምም፣ ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን ትእዛዝ በግምት ጀምሮ ግምቱ በተሳሳተ ጊዜ ሁሉ በመስመሩ ላይ ያለው ሥራ ተጥሎ እንደ አዲስ ይጀመራል። በፔንቲየም ኤም ይህ ብክነት ተቀንሷል፤ ካሽ የሚባለው የቅርብ ማኅደሩም 1 ሜጋባይት፣ ማለትም የዚያኛው እጥፍ ነበር። የሙቀት መጠኑ 24.5 ዋት ሲሆን የሌላው 35 ዋት ነበር። በ2004 ኩባንያው ራሱ ፕሮሰሰሮቹን በጊጋኸርዝ መጥራቱን ትቶ በሞዴል ቁጥር ይሰይማቸው ጀመር። ሻጩ የተወውን ሚዛን መምህሩ ይዞ መቅረቱ የሚያስገርም ነው።

በዚያው ዓመት ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር የተሠራ አንድ ፔንቲየም 4 3.8 ጊጋኸርዝና 115 ዋት ነበረው። በ2023 የወጣው፣ በርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ኤን100 ግን ቢበዛ 3.4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ አራት ኮሮች አሉት፣ የተወሰነለትም ኃይል 6 ዋት ነው። በመማሪያው ዐረፍተ ነገር ከተሄደ አሮጌው ይበልጣል ማለት ነው! በዚያ ላይ 3.4 የጣሪያው ቁጥር እንጂ የዘወትሩ አይደለም፤ መሣሪያው ሲግል ምቱ ይወርዳል።

ስለዚህ የግዢ ዝርዝር የኮሮችን ቁጥር፣ የካሹን መጠንና ዋቱን ቢጠይቅ፣ ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት በተለይም የመጨረሻውን ቢያስቀድም ይሻላል። ለክፍሉም ትምህርት ሁለት የተለያዩ ላፕቶፖች፣ አንድ ትልቅ የሠንጠረዥ ፋይልና አንድ የእጅ ሰዓት ይበቃሉ፤ ተማሪዎቹ አስቀድመው የትኛው እንደሚቀድም በጽሑፍ ይገምቱ፣ ከዚያም ይለኩ።