መብረቅ የሚያዳምጥ አንቴና

በጌዴኦ ዳገት ላይ ደመና ሲቆለል ዲላ ከተማ ውስጥ የተከፈተ መካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ከነጎድጓዱ ቀድሞ ይንኮሻኮሻል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የመብረቁ የሬዲዮ ሞገድ ግን በብርሃን ፍጥነት ይደርሳል። ችግሩ፣ ሬዲዮው አጠገብ የስልክ ቻርጀር ቢሰካም ያው መንኮሻኮሹ ነው። በእጁ በሠራው አውሮፕላን ላይ መብረቅ ጠቋሚ የሚገጥም ሰው የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው።

አሜሪካዊው ፖል ራያን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጣው ስቶርምስኮፕ የተባለ መብረቅ ጠቋሚ መብረቅን አያይም፤ 50 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሆኖ ያዳምጣል። ደብልዩኤክስ-500 የተባለው ዓይነት እስከ 200 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም እስከ 370 ኪሎ ሜትር ይሰማል። ከአዲስ አበባ ዲላ በቀጥታ መስመር 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ሰማይ ላይ ያለ አብራሪ የዲላን መብረቅ በነጥብ ሊያየው ይችላል ማለት ነው።

አንቴናው ከመዳፍ እምብዛም አይበልጥም። በውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች በ90 ዲግሪ ተሻግረዋል። ሞገዱ በአንደኛው ሲበረታ በሌላው ይደክማል፤ ከልዩነታቸው አቅጣጫው ይወጣል። የመብረቁ ዋልታ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ግን ጥቅሎቹ ብቻቸውን የፊቱን ከኋላው አይለዩም። ያን የሚለየው የኤሌክትሪክ መስኩን የሚለካው ሦስተኛው ክፍል ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ያለ እሱ ሁለቱ ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣሉ። አንቴናው ከአፍንጫ እስከ ጅራት ካለው የአውሮፕላኑ መስመር ጋር ትይዩ መሆን አለበት። 5 ዲግሪ ቢጣመም የዲላው ነጥብ 25 ኪሎ ሜትር ወደ አባያ ሐይቅ ወይም ወደ ቡሌ ይሸሻል።

የብረት አውሮፕላን ቆዳው ራሱ ለአንቴናው ኧርዝ ይሆናል። ፋይበርግላስ ወይም እንጨትና ጨርቅ ይህን አይሰጥም። ስለዚህ ሠሪው ከአንቴናው ሥር ስስ የአሉሚኒየም ሉህ ወይም የመዳብ መረብ ያነጥፋል። ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቀለሙን ያነሣል፤ ብረት ብረትን መንካት አለበት። የኧርዙ ማያያዣ አጭርና ሰፊ ይሆናል።

አንቴናው ከተገጠመ በኋላ የረባሹ ፍለጋ የሚጀመረው ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ነው። ሞተር ይጠፋል፤ ጠቋሚው ብቻ ይበራል። ስክሪኑ ባዶ ከሆነ ሌላው ሁሉ በየተራ ይከፈታል፦ ሬዲዮ፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ማራገቢያ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው የክንፍ መብራት። ዲናሞው ሞተሩን ይጠብቃል። ከሁሉም ተጠርጣሪው የክንፍ መብራቱ የኃይል ሳጥን ነው፤ ባበራ ቁጥር ነጥብ ይዘራል። መድኃኒቱ ሳጥኑን ከአንቴናው ማራቅ፣ ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ መግመድ፣ መከለያቸውን በአንድ ጫፍ ብቻ ኧርዝ ማድረግ ነው። መከለያው በሁለቱም ጫፍ ከታሰረ ራሱ ኤሌክትሪክ መሸከም ይጀምራል። ከአንቴናው ገመድ ጋር መገናኘት ግድ የሚሆንበት ሽቦ በ90 ዲግሪ ያቋርጠው እንጂ ጎን ለጎን አይሂድ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ነጥቡ እንቢ ካለ አውሮፕላኑን ሩብ ዙር ማዞር ነው። ነጥቡ ከአፍንጫው አንጻር እዚያው ከቀጠለ ረባሹ አሁንም ውስጥ ተቀምጧል። ቦታ ከቀየረ ረባሹ ውጭ ነው፤ የጎረቤት ብየዳ ማሽን ወይም በአጠገቡ የሚያልፍ የመብራት መስመር ይሆናል።