ስለ አፍራን ቀሎ የሙዚቃ ማኅበር

ከጅግጅጋ ተነሥቶ ካራማራን ተሻግሮ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ የዳካታን ድንጋዮች ካለፈ በኋላ ባቢሌን ያገኛል። ባቢሌ የከተማ ስም ብቻ አይደለም፤ ከአራቱ የቀሎ ልጆች የአንደኛው ስም ነው፤ የቀሩትም ዓላ፥ ዳጋና ኦቦራ ናቸው። በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በድሬዳዋ የተሰበሰቡ ወጣቶች የሙዚቃ ማኅበራቸውን «አፍራን ቀሎ» ማለት «አራቱ ቀሎ» ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚያው ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962፥ ቢትልስ የተባሉት አራቱ የሊቨርፑል ጐልማሶች «ላቭ ሚ ዱ» የተባለውን ሸክላቸውን አወጡ። ስለ እነርሱ የተጻፈው መጽሐፍ ቤት ይሞላል። ስለ ድሬዳዋዎቹ እኛ የጻፍነው ግን ጥቂት ነው፤ ያም ቢሆን አብዛኛው ስለ አንድ ሰው ነው።

ያ ሰው ዓሊ ቢራ ነው። ገና ብላቴና ሳለ በማኅበሩ ውስጥ የዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈን ስሙን ሰጠው፤ ቢራ በኦሮምኛ ክረምት አልፎ ሰማይ የሚጠራበት ወራት ነውና። የዘፈኑም ርእስ ቢራ መንጋቱን ያበሥራል። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ በሰሙ ብቻ አይረካም። የከተማው መድረክ በአማርኛ በተያዘበት ጊዜ «ነጋ» መባሉ ለወራቱ ብቻ ነው ለማለት እኔ አልደፍርም። ሹማምንቱም ወርቁን ሳያገኙት አልቀሩም፤ ማኅበሩ ብዙ ሳይቈይ ታገደ፤ ዓሊም አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ።

አንዳንዶች «ኡዱና ጊታሩ ባዕድ ነው» እያሉ ይነቅፋሉ። ይህ ቀሊል ነቀፌታ ነው። የሊቨርፑሎቹም ምታቸውን የተማሩት ከአሜሪካ ጥቁሮች ነው። ኡዱንም ሶማሌው ካባን ብሎ የራሱ ካደረገው ቈይቷል፤ ዓሊም ከኦሮምኛ ሌላ በሶማልኛ፥ በሐረሪኛ፥ በዐረብኛና በአማርኛ ዘፍኖበታል።

የእኔ ነቀፌታ ወደ ራሳችን ነው። በቅኔ ቤት መልካም ቅኔ ሲሰማ «የማን ተማሪ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ዓሊ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር አለቀሰለት፤ የተገባም ነበር። ነገር ግን አንባቢዎች ሆይ፥ እንደ ዓሊ ሸቦ ያሉትን ባልንጀሮቹን በስም የሚጠራ ከመካከላችን ስንት ነው? ቢትልስ አራቱም በየስማቸው ይታወቃሉ፤ ከአፍራን ቀሎ ግን ቤቱ ተዘንግቶ አንዱ ልጅ ብቻ ታወሰ። ግጥሙን ያቀበለ፥ በየሠርጉ ከበሮ የመታ፥ እገዳውንም አብሮ የተቀበለ ሌላ ሰው ነበረ። ድሬዳዋ ከዚህ ሩቅ አይደለችም፤ ብዕርና ጊዜ ያለው ወጣት ሄዶ አረጋውያኑን ቢጠይቅ ይህ ዐምድ በደስታ ይቀበለዋል።