ጨው የቀመሰ ጊታር

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ «ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ አንድ ብሎን አልተነካም» ተብሎ የሚቀርብልዎትን የሃምሳ ዓመት ኤሌክትሪክ ጊታር በጥርጣሬ ይዩት። እዚህ ባሕሩ ደጃፍ ላይ ነው። አየሩ ጨው አዝሎ ይነፍሳል፤ የበር ማጠፊያው፣ የመስኮት ፍርግርጉ፣ የመኪናው ሆድ ሁሉ ሲዝግ በዓይን ይታያል። ግማሽ ምዕተ ዓመት በዚህ አየር ኖሮ ያልተነካ ጊታር ካለ፣ ወይ እዚህ አልኖረም፣ ወይ ማንም አልተጫወተበትም፣ ወይ ሻጩ ይዋሻል። እኔ ገንዘቤን የማወጣው ተነክቶ፣ ግን በጥሩ እጅ ተነክቶ፣ እስከ ዛሬ ለሚሠራው ነው።

የዓለም ገበያ የሚያስበው በተቃራኒው ነው። አሜሪካና አውሮፓ፣ ጃፓንም ያሉ ሰብሳቢዎች ትልቁን ዋጋ የሚሰጡት ላልተነካው ነው፤ ቀለሙ እንደገና የተቀባ እንደሆነ ብቻ ዋጋው በግማሽ ገደማ ይወርዳል። መነሻ የሌለው እምነት አይደለም። ፌንደር ዛሬ ቴሌካስተር የምንለውን ጊታር በ1950 ጀመረ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)፤ በ1954 ስትራቶካስተርን አስከተለ። ጊብሰን ሌስ ፖልን በ1952 አወጣ፤ በ1957 ደግሞ ሴት ላቨር የተባለው መሐንዲሱ የፈለሰፈውን፣ ጉምጉምታ የሚያጠፋውን ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ገጠመበት። ከዚያ በጥር 1965 የአሜሪካው የብሮድካስት ድርጅት ሲቢኤስ ፌንደርን በ13 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለው፤ ምርቱ በዛ፣ ጥንቃቄው ላላ ተባለ። ለሰብሳቢ «ከሲቢኤስ በፊት» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ኪስ ያስከፍታል።

ነገር ግን ይኸው ገበያ ራሱን ሲያፈርስም አይተናል። የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር ጥቁሩን ስትራቶካስተር በ2019 ኒውዮርክ ለጨረታ ሲያቀርብ 3,975,000 ዶላር አወጣ። ያ ጊታር አንገቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀያይሯል፣ ፒክአፖቹ ተለውጠዋል፣ ሰውነቱ ላይ ለሌላ ዓይነት ብሪጅ ተብሎ የተቦረቦረው ቦታ ተመልሶ ተሞልቷል። የአየርላንዱ ሮሪ ጋላገር የ1961 ስትራቶካስተርም አለ፤ ላቡ ቀለሙን አብዛኛውን ገፎት እንጨቱ ራቁቱን ቀርቷል፣ መቃኛዎቹም የተለያየ ወገን ናቸው። በ2024 ለንደን ላይ ከ880,000 ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ዝናው ነው የተሸጠው ይሉኛል። ልክ ነው። ዝናውን ያመጣው ግን በየምሽቱ መሥራቱ ነው፤ በየምሽቱ ያሠራውም ጥገናው።

ጅቡቲ ላይ ጊታር የሥራ ዕቃ ነው። በብሔራዊው ራዲዮና ቴሌቪዥን፣ በአርቴዴ ማኅደር ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የድምፅ ቴፖች አሉ፤ የጣቢያው ባንድ ግሩፕ አርቴዴ በ2020 በኦስቲናቶ ሬከርድስ በኩል ያሳተመውን አልበም የሰማ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሊድ ጊታሩን የሚጫወተው ከሞቃዲሾ የመጣው አብዲራዛቅ ሐጂ ሱፊ ነው። ከዋናው ምት ወጣ ብሎ የሚጥላት አጭር፣ ደረቅ፣ የጃማይካ ደብ የተጠናወታት አመታት አለችው። ያ አመታት ጊታሩን ያጋልጣል። ኖታው ቶሎ ተቆርጦ ዝም ሲባል፣ በዝምታው ውስጥ የሚንጫጫ ቮሊዩም ወይም የላላ ሽቦ ካለ ሁሉም ይሰማዋል። ስለዚህ አሮጌ ጊታር ስሞክር ረጅም የኮርድ ውርጅብኝ አላወርድም። አንድ አጭር ኮርድ መትቼ በመዳፌ አፍነውና ዝምታውን አዳምጣለሁ።

ቀጥሎ የምሞክረው የካባንን አጨዋወት ነው። ሶማሌዎች ካባን የሚሉት ዑድ ፍሬት የለውም፤ ዜማው በነጠላ ኖታ ይሄዳል፣ በፈጣን መነካካት ይርገፈገፋል። የጅቡቲ ጊታሪስት ጣት ይህን ይዞ ነው የመጣው። የእኛ የኢትዮጵያውያኑም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን ወይም የዋልያሱን ማህሙድ አማንን የሰማ፣ አንድ ክር ላይ እየተንሸራተተ የሚሄድ ዜማ ምን ያህል ንጹሕ አንገት እንደሚፈልግ ያውቃል። ቀጭኑን ክር ይያዙና ከመጀመሪያው ፍሬት እስከ አሥራ አምስተኛው አንድ በአንድ ይሂዱ። አምፕሊፋየር ሳይሰኩ። የሚሞት ኖታ፣ የሚነዝር ኖታ፣ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥ ፍሬት ካለ እዚያው ይያዛል። ከዚያ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን በቀስታ ነክተው የሚወጣውን ፉጨት፣ ተጭነው ከሚወጣው ኖታ ጋር ያነጻጽሩ። ከተለያዩ ብሪጁ መስተካከል አለበት፤ የብሪጁ ብሎኖች በዝገት ተበልተው የማይዞሩ ከሆነ ደግሞ ማስተካከሉ አይቻልም። እዚህ ብዙ ጊታር የሚሞተው በዚህ ነው።

ብሎኖቹን ካነሣን አይቀር፣ ስለ ዝገት ዓይነቶች ልናገር። የባሕር ዝገት ሁሉን እኩል አይነካም። የኒኬል ልባሱ በተሰነጠቀበት፣ የእጅ ላብ በሚያርፍበት፣ ውሃ በሚቋጥርበት ይጀምራል፤ ብረቱን እየቦረቦረ ይገባል። በአሲድ የተፈጠረ የውሸት እርጅና ግን ሁሉም ክፍል ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ማንም እጁን የማያሳርፍበት የጀርባ ሳህን እንኳ ከብሪጁ እኩል ዝጎ ያገኙታል። የመፋቁም ነገር እንዲሁ ነው። እውነተኛ መፋቅ ክንድ ባረፈበት፣ ቀበቶ በታከከበት፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ባንድ ውስጥ የሚጫወት ሰው ብዙ በሚውልባቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት ፍሬቶች ይበረታል። የቀለሙ ስንጥቅም ይናገራል። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ይቀባ የነበረው ናይትሮሴሉሎስ ቀለም በሙቀትና በቅዝቃዜ ድንገተኛ ለውጥ በቀጫጭኑ ይሰነጠቃል። ኤሲ እንደ ክረምት ካቀዘቀዘው አዳራሽ ወጥቶ ከአርባ ዲግሪ በላይ ወደሆነ ጎዳና የገባ ጊታር ይህን ምልክት ቢይዝ አይገርምም። ሻጩ ጅቡቲ ውስጥ ሰላሳ ዓመት ቆየ ካለዎትና ቀለሙ ናይትሮ ሆኖ አንድ ስንጥቅ ከሌለው፣ ቀለሙ አዲስ ሊሆን እንደሚችል ይጠርጥሩ።

ያው ኤሲ ሌላም ጣጣ አለው። የቀዘቀዘ ጊታር እርጥብና ሞቃት አየር ላይ በድንገት ሲወጣ ብረቱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ ጨው ያለበት አየር ጤዛ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያሻም። የሚያውቁ ተጫዋቾች ጊታሩን ከነሳጥኑ አስቀምጠው ሙቀቱ እስኪመጣጠን ይጠብቃሉ። ሻጩ ሳጥኑን እንዴት እንደሚከፍት ማየት ብቻ ስለ ጊታሩ ታሪክ ብዙ ይነግራል።

አሁን ካቻቢቴ ያውጡ። ሻጩ «አይከፈትም» ካለ ይሰናበቱ።

የፌንደርን የፊት ፕላስቲክ ሲያነሡት ሦስት ነገር ይታያል፤ ብየዳው፣ ፖቶቹና የፒክአፖቹ ጀርባ። ከብየዳው እንጀምር። በደህና እጅ የተሠራ ነጥብ ትንሽ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሽቦውን አቅፎ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ መጥፎው እንደ ሻማ ጠብታ አብጦ፣ ደብዝዞ ይቀመጣል። የተቃጠለ የሽቦ ልባስ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ መገናኛ፣ በሁለት ዓይነት ቀለም የተቀጣጠለ ሽቦ ካዩ የጠገነው ሰው ቸኩሏል። ቮሊዩምና ቶን የሚሆኑት ፖቶች ጀርባ ላይ ቁጥር አለ። 1376610 የሚል ካገኙ፣ 137 ሲቲኤስ የተባለው አምራች ነው፣ 66 ዓመቱ፣ 10 ሳምንቱ። ፖቱ የመጀመሪያው ከሆነ ጊታሩ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም ማለት ነው እንጂ ያኔ ተሠራ ማለት አይደለም፤ ፌንደር በ1966 የገዛውን ክምችት ለተከታታይ ዓመታት ሲገጥም ኖሯል። እኔ ለዚህ ቁጥር ብዙም አልጨነቅም። ጨው የበላው የ1966 ፖት ሲዞር ከሚንጫጫ፣ ንጹሕ ብየዳ ያለው አዲስ ፖት ይሻለኛል፤ አሮጌው በፌስታል ተቋጥሮ ሳጥኑ ውስጥ ከተቀመጠልኝ ደግሞ ጠጋኙን ሳላየው አከብረዋለሁ። የብሪጁ ብሎኖች በማይዝግ ብረት ተለውጠው የድሮዎቹ ከተቀመጡም እንደዚያው ነው። ሰብሳቢ ሲያይ ያዝናል፤ ተጫዋች ግን እንቅልፉን ይተኛል።

ፒክአፑ ላይ ቆም ይበሉ፤ የዚህ ከተማ ትልቁ ሚስጥር እዚያ ነው። በድሮው ፌንደር ፒክአፕ ከፀጉር የቀጠነው የመዳብ ሽቦ የሚጠቀለለው በቀጥታ በማግኔት ዘንጎቹ ላይ ነው። ማግኔቱ ብረት አለበት፤ ይዝጋል። ዝገቱ ከውስጥ እያበጠ ሽቦውን ይበላና አንድ ቀን ይበጥሰዋል። ከላይ ምንም አይታይም፤ ፒክአፑ ግን ሞቷል፣ ወይም ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ቴስተር ይዘው ይሂዱ። ከሰርኪዩቱ ነጥለው ሲለኩት የስትራቶካስተር ፒክአፕ ስድስት ሺህ ኦም አካባቢ፣ የድሮው ጊብሰን ባለ ሁለት ጥቅል ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሺህ ማሳየት አለበት። ቴስተሩ ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ቀጥሎ የማግኔቶቹን ጫፍ በጣት ይዳስሱ። ለስላሳ ከሆነ ደግ። የሚፈረፈር ቡናማ ዱቄት ከወጣ፣ ዛሬ ቢሠራም ዕድሜው አጭር ነው። እንደገና የተጠቀለለ ፒክአፕ ካጋጠመዎት አይሽሹ። ጠምዛዡ የድሮዎቹን ማግኔቶች አስቀርቶ፣ ከሽቦው በፊት በላከር ሸፍኗቸው ከሆነ፣ ለዚህ አየር ፋብሪካው ከሠራው የተሻለ ሥራ ሠርቷል።

የአንገቱን ነገር ፈጠን ብዬ ልለፈው። ጅቡቲ እርጥብ ናት ቢባልም በሞቃቱ ወራት ከምድረ በዳው የሚመጣው ኸምሲን የሚባለው ነፋስ እንጨቱን ያደርቀዋል። እንጨት ሲደርቅ ይጠብባል፤ ፍሬቱ ብረት ስለሆነ አይጠብብም፣ ጫፉ ይወጣል። ጣትዎን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ያንሸራትቱ፤ ከቧጨረዎት ጠጋኙ ፍሬቱን የቀየረው በእርጥቡ ወቅት ነው፣ ወይም ጫፉን አልሞረደውም። መቃኛዎቹ ሥር ደግሞ ሁለተኛ የብሎን ቀዳዳ ይፈልጉ። በእንጨት ተሞልቶ የተስተካከለ ቀዳዳ ሰው የሠራበት ነው። የክብሪት እንጨት በኮላ የተወተፈበት ግን የሚቀጥለውን ቅኝት አይሸከምም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚሰኩት። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ጉም ማለቱ አይቀርም፤ መብራቱ እንደ አዲስ አበባው 50 ኸርትዝ ነው፣ ጉምጉምታውም ከታችኛው ሶል በትንሹ ከፍ ይላል። ክሩን በእጅዎ ሲነኩ ቢቀንስ የምድር ሽቦው ጤነኛ ነው። ሲነኩ ቢብስ፣ ወይም ጣትዎን ነዘር ካደረገዎት፣ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ የአሜሪካ አምፕሊፋየር ካለ ትራንስፎርመር እንደማይሰካም አይዘንጉ።

ስለ ዋጋ የምለው ጥቂት ነው። ፌንደርና ጊብሰን የተጻፈበትን ሁሉ በአሜሪካ ዋጋ የሚጠራ ሻጭ የትም አይጠፋም። ለእኛ ኪስ የሚቀርቡት የጃፓኖቹ ቴይስኮና ጉያቶን፣ ወይም ሬካናቲ ላይ ከአኮርዲዮን ሠሪዎች ቤት የወጣው የጣሊያኑ ኤኮ ናቸው። የድሮዎቹ ኤኮዎች የአኮርዲዮን ብልጭልጭ ፕላስቲክ ለብሰዋል፤ ያ ፕላስቲክ ቀለም ከሚቀባው ጊታር ይልቅ ላብን ይችላል። ከላይ የዘረዘርኩትን ፈተና ያለፈ ኤኮ፣ ከወደቀ ስትራቶካስተር ይበልጥብኛል።

ገዝተው ወደ አዲስ አበባ የሚወጡ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር ያስደርጉ፤ አንገቱን ያስወልቁ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ፌንደሮች አንገቱን የሚያቀናው ብሎን በሥሩ በኩል ተሸሽጓል፤ አንገቱ ካልወጣ በወጉ አይደረስበትም፣ በጨው ተጣብቆ የማይዞርም ሊሆን ይችላል። እዚያው ሥር ላይ በእርሳስ ወይም በማኅተም የተጻፈ ቀን ካለም ያዩታል። ብሎኑ ከዞረልዎት አንገቱን መልሰው ይግጠሙ፣ ይክፈሉ፣ ናጋድ ሄደው ባቡር ይሳፈሩ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ ደረቅ አየር ሲያገኝ አንገቱ መንቀሳቀሱ የማይቀር ነው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይተዉትና ከዚያ ብሎኑን ሩብ ዙር፣ ከሩብም ሳይበልጥ፣ ያዙሩት።