«እንዳለው ጻፊው»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል። ደባርቅ ቆሞ ሊማሊሞን ቁልቁል ላየ ሰው አፋፍ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። የእኔ እንጀራ ደግሞ ከአፋፉ የወደቀን ቃል ገደል ወርዶ መፈለግ ነው።

የይግባኝ መዝገብ ሲደርሰኝ ከፍርዱ አስቀድሜ የእምነት ቃሉን አነባለሁ። ከዳባት ገጠር የመጣ፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ «በግምት ከቀኑ 11:30 ሲሆን ሰው ለመግደል አስቤ» ብሏል ይላል ወረቀቱ። ለእኔ ሲነግረኝ ግን «ከብት ሲገባ» ነው ያለው። ቋንቋው የመርማሪው ነው፤ የእሱ ግርጌው ላይ ያለው የአውራ ጣት አሻራ ብቻ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ ማመልከቻዬን «ተደበደበ፣ ተገደደ» በሚል እሞላው ነበር። ዳኞች «በሥር ፍርድ ቤት ተቃውማችሁ ነበር?» ሲሉኝ አፌ ይያዛል። አሁን ቀን እቆጥራለሁ። የተያዘው ሰኞ፣ ቃሉን የሰጠው ዓርብ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ የት አደረ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የጉዞው ጊዜ አይታሰብም፣ የእኛ አገር መንገድ ደግሞ ለሰበብ አያንስም። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለውም እዚያው ተጽፏል።

ከባዱ የቁጥር 35 ቃል ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለፖሊስ የሚሰጠው ቃል በቁጥር 27፣ ለፍርድ ቤት የሚሰጠው በቁጥር 35 ነው፤ ዐቃቤ ሕግም ሁለተኛውን ይዞ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። ሕጉ ግን ዳኛው ሰውየውን ጠይቆ በፈቃዱ መሆኑን ሳያረጋግጥ እንዳይመዘግብ፣ ማረጋገጡንም መዝገቡ ላይ እንዲያሰፍር ያዛል። ስለዚህ ጥያቄውን እፈልጋለሁ። «በፈቃዴ ነው» የሚል መልስ ሞልቷል፤ ምን ተብሎ ተጠይቆ? ያመጣው ፖሊስ አጠገቡ ነበር? ቃሉን ሰጥቶ ሲያበቃስ የተመለሰው ወደዚያው ጣቢያ አይደለም?

(ክስ ሲነበብለት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ያመነው ሌላ ነው፤ እሱ ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ጠበቃ አሁንም አይጠፋም።)

አንድ ቀን በይግባኝ ችሎት የሰዓቱን ነገር ሳነሳ ሰብሳቢው ዳኛ ወደ ገበሬው ዞረው «አሁን ስንት ሰዓት ይሆናል?» አሉት። በመስኮቱ አሻግሮ የዛፉን ጥላ አየና «ገና ነው ጌታዬ፤ ለምሳ አልደረሰም» አላቸው። ጸሐፊዋ ብዕሯን አንስታ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እንዳለው ጻፊው» አሏት።